አሥረኛው

ነገሩ የሆነው በ2010 ዓ.ም. ነው፤ እስከ ዛሬ ግን ከሆዴ አልወጣም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ስሙን በማልጠራው አንድ ቤት ተቀምጬ "ቢራ" አልኩ። በቃ፣ ቢራ። የጠማው ሰው "ውሃ" እንደሚለው ማለት ነው። አስተናጋጇ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተክላ፣ ዳዊት እንደሚደግም የቆሎ ተማሪ ወረደችው፦ "ጊዮርጊስ፣ ሜታ፣ ሐረር፣ በደሌ፣ ዳሸን፣ ዋልያ፣ ሐበሻ፣ ባላገሩ፣ ዘቢዳር…" ከዚያ ደግሞ አሥረኛውን። በጣቴ እየቆጠርኩ ስለነበር አሥር መሆናቸውን አልጠራጠርም፤ ሁለቱም እጆቼ አልቀው ነበር። አሥረኛው ማን እንደነበረ ግን ዛሬ ቢገርፉኝ አላወጣውም።

"የቀዘቀዘው የትኛው ነው?" አልኳት፣ ምርጫውን ለማቅለል ብዬ።

"የቀዘቀዘስ በደሌ ብቻ ነው፣ ጋሼ።"

በደሌውን ጠጣሁ። ከዚያ ምሽት ወዲህ ግን አሥረኛው እንደ ጥርስ ውስጥ ሥጋ ተሰንቅሮብኝ ቀረ። ያገኘሁትን ሁሉ እጠይቃለሁ። "ራያ ይሆናል" ይለኛል አንዱ። አይደለም፣ ራያን ብትል ኖሮ አስታውሰው ነበር። "አንበሳ ነዋ!" አይደለም። "አዝመራ? ካስትል?" አይደሉም። አንድ ጡረተኛ መምህር ወዳጄ "አንተ የምትፈልገው ቢራ አይደለም፤ ጸበል ነው" ብሎኝ ሄደ። አልተቀየምኩትም፤ ደመወዙን ለአርባ ዓመት ስም ሲጠራ የበላ ሰው ስለሆነ አንድ ተማሪ ቢጎድል አይደንቀውም።

ድሮ እንዲህ ያለ ጣጣ አልነበረም። ጊዮርጊስ የተጠመቀው በ1915 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ሜታ መጣ። ሐረር በ1976፣ በደሌ በ1985፣ ዳሸን በ1992 ተከተሉ። አስቡት፦ አንዱን ቢራ ለምደን ሌላው እስኪመጣ ልጅ አንደኛ ደረጃ ትምህርቱን ይጨርስ ነበር። ጊዜ ነበረን። አዲሱን ቢራ እንደ አዲስ ሙሽራ እናየዋለን፣ እናማዋለን፣ ቀስ ብለን እንቀበለዋለን። በ2006 ዋልያ መጣ። ደህና። በ2007 ሐበሻና ራያ መንታ ሆነው ተወለዱ። በ2009 ዘቢዳር ደረሰ። በመሀሉ ነባሮቹ ደግሞ የየራሳቸውን ልጅና የልጅ ልጅ እያወጡ ጠረጴዛችን ላይ ደረደሩት። እኔ የዳሸንን አንገት ገና ለይቼ ሳልጨርስ ባላገሩ የሚባል ወንድም ተወለደለት።

ነገሩ የገባን ቆይቶ ነው። ሐረርና በደሌ በ2003 ዓ.ም. ለሄኒከን ተሸጠው ነበር፤ ዋልያም የዚያው የሄኒከን ልጅ ነው። እና ያቺ ልጅ "ሐረር፣ በደሌ፣ ዋልያ" እያለች ሦስት ስም ስትጠራልኝ የአንድ አባት ሦስት ልጆች እያስተዋወቀችኝ ነበር ማለት ነው። ሐረሬ ነኝ፣ በደሌ ነኝ፣ የሰሜን ተራራ ፍየል ነኝ ቢሉም እራት የሚበሉት አንድ ማዕድ ላይ ነው። ከሐበሻ ባለቤቶች መካከል ደግሞ አክሲዮን የገዙ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አሉ። ከነሱ አንዱ ወዳጄ ነው፤ "እኔ ስጠጣ ገንዘቡ ከግራ ኪሴ ወደ ቀኝ ኪሴ ነው የሚዛወረው" ይል ነበር። የግራ ኪሱ ባዶ መሆኑን አውቃለሁ። ቀኙን አሳይቶኝ አያውቅም።

በ2011 የወጣው አዋጅ የቢራን ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አባረረው። እስከዚያ ድረስ ቢራ የማይጠጣ ሕፃን እንኳ የሁሉንም ዘፈን በቃሉ ያውቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ የቢራ ማሰራጫ ሆና የቀረችን አስተናጋጇ ብቻ ናት። እሷ ደግሞ አንዴ ካስተላለፈች አትደግምም። "አሥረኛውን ድገሚልኝ" ብዬ ያን ምሽት ብጠይቃት ኖሮ ይኼ ሁሉ አይመጣም ነበር። ግን ጎጃሜ ነኝ፤ ያልገባኝን ነገር "ገባኝ" ብዬ ራሴን መነቅነቅ ከአባቴ የወረስኩት ነው።

ከአሥረኛው ይልቅ እያደር እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነገር ሆነ፦ የስሙ ነገር። ቢራ ሰሪዎቻችን ስም የሚቀዱት ከሦስት ምንጭ ይመስለኛል። አንዱ ቤተ ክርስቲያን ነው፦ ጊዮርጊስ፣ ሜታ አቦ። በዚህ የተነሳ ስንት ትዳር እንደታመሰ እግዜር ይወቀው። "የት አመሸህ?" "ጊዮርጊስ።" በእኛ አገር ደግሞ ዲማ ጊዮርጊስን የሚያህል የቅኔ ደብር ስላለ ሰሙን ከወርቁ ለይቶ መያዝ የሚስት ሥራ ነው። ሁለተኛው ምንጭ አውሬ ነው፦ ዋልያ፣ አንበሳ። ሦስተኛው ተራራ ነው፦ ዳሸን፣ ዘቢዳር። ኳሱን ደግሞ አትርሱ፤ ዳሸን ቢራ ከቅዱስ ጊዮርጊስ የተጋጠሙ ለታ ውጤቱን የሚያስተላልፈው ሬዲዮ ይሁን ማቀዝቀዣው መለየት ያዳግት ነበር። ከዚያም በፊት ሐረር ቢራ ከሙገር ሲሚንቶ ሲጫወቱ አይተናል፤ አንዱ ያቆማል፣ አንዱ ይጥላል።

ታዲያ ዳሸን ተራራ ስለሆነ ቢራ ከሆነ፣ ዘቢዳርም ተራራ ስለሆነ ቢራ ከሆነ፣ ጮቄ ምን በደለ?

ይህን ጥያቄ አንድ ምሽት ለአራት ወዳጆቼ አቀረብኩ። ባላቀርብ ይሻል ነበር። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ለአባይ የሚገብሩ ወንዞች ከጉያው ይፈልቃሉ፤ ውሃ አይቸግርም ማለት ነው። ከወገቡ በላይ ገብስና እንግዶ ይበቅላል፤ እህልም አይቸግርም። ብርዱ በጋ ከክረምት አይለይም፤ ስለዚህ ማቀዝቀዣ እንኳ አያስፈልግም። ሁለተኛው ዙር ሳያልቅ አክሲዮን ማኅበር መሥርተን ነበር። ሦስተኛው ዙር ላይ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ መረጥን። ያዡ እኔ ነኝ፤ የሚያዝ ግን አልነበረም።

ጠርሙሱ ላይ ምን ይሣል? "ጅባራ!" አለ አንዱ፤ ጮቄ ላይ ሰው መስሎ የሚቆመውን ተክል ማለቱ ነው። "ሰክሮ የቆመ ይመስላል" ብለው ጣሉት። አንዱ ደግሞ ስሙ ጮቄ መሆኑ ቀርቶ "ምንቆረር" ይባል አለ፤ ከተማችን ደብረ ማርቆስ ከመባሏ በፊት የነበራት ስም። "ይከብዳል፤ ሁለት ጠጥቶ ሦስተኛውን 'ምንቆረር' ብሎ ማዘዝ የሚችል ምላስ የለም" ተባለ። ያቀረበው ሰው ግን አልተሸነፈም፦ "ደግ! መጥራት ያቃተው በቃው ማለት ነው።" በሕይወቴ የሰማሁት ብቸኛው የረባ የመጠጥ ሕግ ይኼ ነው። የቢቸናው ልጅ በበኩሉ "ዲማ" ካልተባለ አክሲዮን አልገዛም ብሎ ተነሣ፤ አረፋው ሰም፣ ሥሩ ወርቅ ይሆናል አለ። የሞጣው ልጅ ፋብሪካው የት ይተከላል ብሎ ጠየቀ። ፋብሪካው ረቡዕ ገበያ ይሁን ሞጣ በሚለው ላይ ድምፅ ሊሰጥ ሲል ሒሳብ መጣ፤ ማኅበሩ ያኔውኑ ፈረሰ። ሒሳቡን ገንዘብ ያዡ ከፈለ።

እንዲህ እየቀለድን ሳለ ነው አንድ ቅዳሜ ያ ነገር የተፈጠረ።

የገበያ ቀን ነበር። አንድ ሰውዬ ገባ፤ አረንጓዴ ቁምጣ፣ ጋቢ፣ ኮንጎ ጫማ፣ ሽመል። በሬ ሳይሸጥ አልቀረም፤ ፊቱ ላይ ደስታም ሐዘንም ነበር። ተቀመጠና "አንች ልጅ፣ እስቲ ቢራ አምጭልኝ" አለ። ልጅቱ ያንኑ ደገመች፤ ከጊዮርጊስ ጀምራ እስከ አሥረኛው። (እኔ ሆዬ ሰውየውን ሳይ አሥረኛው ዳግመኛ አመለጠኝ።) ሰውየው የቅዳሴ ንባብ እንደሚሰማ ሰው ጋቢውን ሰብስቦ እስከ መጨረሻው አዳመጣት። ከዚያ ረጋ ብሎ "የገብሱን አምጭልኝ" አላት።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አጠገቤ የተቀመጠ አንድ ሸሚዙ የተተኮሰ ወጣት፣ እንባውን እየጠረገ፣ "ባላገር!" አለ። በእጁ ከያዘው ጠርሙስ ላይ ምን ተጽፎ እንደነበረ ልንገራችሁ? "ባላገሩ"።

እዚህ ላይ ቀልዴን ትቼ ልናገር። እኔም ሳልስቅ አልቀረሁም፤ ለዚህ ነው ንዴቱ እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ። ባላገር ማለት አገር ያለው ማለት ነው። ቃሉን ከሰውየው ላይ ገፍፈን ስድብ አደረግነው፤ ስድብ ካደረግነው በኋላ ደግሞ ወርቅ ቀብተን ጠርሙስ ላይ ለጠፍነው፤ እንግዲህ በገንዘባችን ገዝተን እንኮራበታለን፤ ባለቤቱ በበር ሲገባ ግን እንስቅበታለን። ስሙን እንጠጣለን፣ ሰውየውን አንጠጋም። ሰውየው የጠየቀው ደግሞ ምን ነበር? በዚያ ቤት ከነበርነው ሁሉ መጠጡ ከምን እንደሚሠራ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር። እኛ ከአሥር ወረቀት አንዱን ስንመርጥ እሱ እህሉን መረጠ። እሱ የሚያርሰው መሬት ገብስ እያበቀለ፣ ይኼ ሁሉ ተራራና አውሬ የሚጠመቅበት ብቅል ለዓመታት ብዙው በመርከብ ነው ሲገባ የኖረው። የአሰላና የጎንደር ብቅል ፋብሪካዎች ነበሩ፣ ግን አልበቁም። ቦሌ ለሚና ደብረ ብርሃን ላይ ትልልቆቹ ብቅል ፋብሪካዎች ሥራ የጀመሩት በ2013 ዓ.ም. አካባቢ ነው። እስከዚያ ድረስ ባላገሩ ላይ የሳቅነው ከባሕር ማዶ በመጣ ብቅል ሞቅ ብሎን ነበር።

ሰውየው ግን እንደኔ አልተናደደም። የመጣለትን ጠጣ፤ ጢሙን ጠረገ፤ ጠርሙሱን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ አየውና "ደግ ነው። ጌሾ ረስተውበታል እንጂ" አለ።

በዚህ ላይ የሚጨመር የለም። ቢራ በጌሾ ፋንታ ሆፕ የሚባል የፈረንጅ ተክል እንደሚገባበት ላስረዳው ከጅሎኝ ነበር፤ ተውኩት። እሱ ግን ትክክል ነበር። ከአሥሩ ቢራ አንዱን ዓይኔን ሸፍነው ቢሰጡኝ ስሙን መለየቴን እጠራጠራለሁ። ጠላ ቤት ግን ሂዱ። ማስታወቂያው እንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ ነው፤ እሱን ደግሞ የ2011 አዋጅ አልነካውም። ገብታችሁ "ምን ዓይነት አለ?" ብትሉ ሴትዮዋ ታዝንላችኋለች። ያለው ጠላ ነው። ስሙ አንድ ነው፤ ጣዕሙ ግን በሴቶቹ ቁጥር ነው። አንዷ አሻሮውን ታሳርረዋለች፣ አንዷ ዳጉሳ ታበዛለች፣ አንዷ ጋኑን በግራዋ አጥባ በወይራ ስታጥን ጭሱ እስከ ሦስተኛው ጣሳ ይከተላችኋል። አሜሪካኖች በየሰፈሩ በትንሽ በትንሹ የሚጠመቅ ቢራ ጀምረው ዛሬ ከ9,000 በላይ ጠማቂ ቤት አላቸው ሲባል ሰምቼ ሳቅሁ፤ የእኛን ጣሳ የተደፋበት እንጨት የቆጠረ ስለሌለ ነው እንጂ።

የማኅበር ለታ ደግሞ አስቡት። ጠላው ፊት ለፊት ይመሰገናል፤ ሐሜቱ የሚጀመረው በመንገድ ላይ ነው። "ጌሾው በዝቶበታል።" "እኔስ ቅራሪ መስሎኝ ነበር።" "እንኩሮዋ አልበሰለም።" ያንን ሁሉ ነቃፊ ምላስ ይዘን ቢራ ቤት ስንገባ ግን "ጥሩ ነው?" "ጥሩ ነው" ብቻ።

ትናንት ማታ ቤቴ ስገባ ባለቤቴ ለማኅበር የሚሆን ጌሾ ሰፌድ ላይ እየለቀመች ነበር።

"የት አመሸህ?"

"ጊዮርጊስ።"

"ዛሬ እኮ አምስት ነው፤ አቦ ነው።"

እንግዲያው ሜታ ጠጥቼ መምጣት ነበረብኝ ማለት ነው። ዝም ብዬ አጠገቧ ተቀመጥኩና እንጨቱን ከቅጠሉ መለየት ጀመርኩ። "እስቲ ያን አሥሩን ቁጠርልኝ" አለች፤ ታሪኩን በመሰልቸት ታውቀዋለች። ለያንዳንዱ ስም አንዳንድ የጌሾ እንጨት እያስቀመጥኩ ቆጠርኩ። ጊዮርጊስ፣ ሜታ፣ ሐረር፣ በደሌ፣ ዳሸን፣ ዋልያ፣ ሐበሻ፣ ባላገሩ፣ ዘቢዳር።

"ዘጠኝ" አለች።

ሰፌዱ ላይ ደግሜ አየሁ። ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ በ"ም" የሚጀምር መሰለኝ። ወይም በ"ጸ"። ባለቤቴ እንጨቶቹን ጠርጋ ሙቀጫው ውስጥ ጨመረቻቸው።