ሳንቲም ጎራሹ ዳኛ

ችሎቱ ሳይጀመር ከከሳሽም ከተከሳሽም እኩል ገንዘብ የሚቀበል፣ ተቀብሎም ማንም የማያማው ዳኛ አለ ቢሏችሁ እንዳትስቁ። አሜሪካ ውስጥ በብዙ መጠጥ ቤቶች ጥግ ላይ ተገትሯል። ቁመቱ ከሰው ይበልጣል፣ ደረቱ ላይ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ክብ ሰሌዳ ለጥፏል፣ ወገቡ ላይ ገንዘብ የሚጎርስበት አፍ አለው። ኤሌክትሮኒክ ዳርት ይሉታል።

ዳርት ለእኛም ባዳ አይደለም፤ በሠራተኞች የስፖርት ውድድር ላይ ከዳማና ከከረምቡላ ጋር ስሙ ይነሣል። የምናውቀው ግን ያልሠለጠነውን ነው፦ ሹል ብረት፣ የቃጫ ሰሌዳ፣ ነጥብ በጠመኔ የሚጽፍ ሰው። ጭካኔው ተነግሮ አያልቅም። 20ን የመሰለ ወፍራም ቁጥር እያሳየ ያስጎመጅና ግራና ቀኙን በ5 እና በ1 ያስጠብቃል፤ ትንሽ የሳተ ሰው ፍርፋሪ ለቅሞ ይመለሳል። እሱም ሳይበቃ ሂሳብ አለ። ከ501 እየቀነሱ ዜሮ ለመድረስ፣ አራተኛ ቢራውን የያዘ ሰው 57 እና 19 ደምሮ ከ322 ላይ እንዲያነሣ ይገደዳል። ሉክ ሊትለር እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025፣ ገና በ17 ዓመቱ፣ ለንደን ላይ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በዚህ ኋላ ቀር ሰሌዳ ነው። ነጥቡን ጮክ ብሎ የሚጠራለትም ሰው ነበር። ምስኪን ልጅ!

ከዚህ ባርነት ካወጡን ቀደምት ነጻ አውጪዎች አንዱ የኢሊኖይ ግዛቷ ሮክፎርድ ከተማ ኩባንያ፣ አራክኒድ ነው፤ ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው። የፍላጻው ጫፍ ፕላስቲክ ሆነ። ፕላስቲኩ ቀዳዳው ውስጥ ሲገባ የቁጥሩን ክፍል ወደ ኋላ ይገፋል፣ ከጀርባው ያለው መቆጣጠሪያ ይሰማል፣ ከዚያ ማሽኑ ራሱ ይደምራል፣ ይቀንሳል፣ ያበራል፣ ይዘፍናል። አንዳንዱማ 170 ሲቀርህ ሁለት ጊዜ ሦስት እጥፍ 20፣ ከዚያም መካከሉን ምታ ብሎ ይመክርሃል። ለአንተ የተተወልህ መሳት ብቻ ነው።

ቸርነቱም የሚናቅ አይደለም። በቃጫው ሰሌዳ መካከል ያለው ቀይ ነጥብ 50፣ ዙሪያው ያለው አረንጓዴ ቀለበት 25 ነው። በማሽኑ በተለመደው የ501 አጨዋወት ግን ቀለበቱም 50 ሆኗል። ሁሉ ነገር ሲወደድ ነጥብ ብቻዋን ለምን ትቀራለች? አሜሪካኖች የለመዱት የማሽን ሰሌዳ ላይ የነጥቡ ክልል ከቃጫው በአምስት ሳንቲሜትር ገደማ ይሰፋል። በምላሹ ወርዋሪው ከ2.37 ሜትር ወደ 2.44 ሜትር እንዲያፈገፍግ ተጠይቋል። ያለ መሥዋዕትነት የተገኘ ነጻነት የለም።

የዳኛችን ግርማ የሚታየው ግን ክርክር ሲነሣ ነው። በቃጫው ጨዋታ ፍላጻህ ነክቶ ከወደቀ ወደቀ፤ ዜሮ ነው። ማሽኑ ዘንድ ክፍሉ ከተነካ ተቆጥሯል፤ ጎንበስ ብለህ ከፈሰሰ ቢራ መካከል የምታነሣው ፍላጻ 60 ነጥብ አስገኝቶልህ ሊሆን ይችላል። ተቃራኒውም ይደርሳል። ፍላጻው ሦስት እጥፍ 20 ላይ ተሰክቶ ቆሟል፤ አንተ ታየዋለህ፣ ተጋጣሚህ ያየዋል፣ አሳላፊዋም ሳህን እንደያዘች ትመሰክራለች። ማሽኑ ግን ዝም። ዝም ካለ ዝም ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የዳርት ማኅበር ደንብም በጥቅሉ ከእሱ ጋር ይወግናል፦ ማሽኑ የመዘገበው ነጥብ የተጫዋቹ ነጥብ ነው። የእኛ ከረምቡላ ቤት ቢሆን “ነካ፣ አልነካም” ተብሎ ግማሽ ሌሊት ይሟገቱበት፣ አንዱ ዱላውን አስቀምጦ ይምል፣ ሌላው የእናቱን ስም ይጠራ ነበር። እዚያ ጎልማሶቹ አንዴ የተሰካውን ፍላጻ፣ አንዴ ስክሪኑን ያዩና ስክሪኑን ያምናሉ። እንዲህ ያለ ሰላም በየትኛው ሽምግልና ይገኛል?

ባልንጀራም ድሮ ቀረ። ጥሩ ስትወረውር የሚያሞግስህ ማሽኑ ነው፣ ያውም ያለ ምቀኝነት። ጃፓን ውስጥ ዳርትስላይቭ የተባለውን ኩባንያ ማሽን ካርድህን ካስነካኸው የውርወራህን ታሪክ አንድ በአንድ ያስታውስልሃል፤ ሌላ ከተማ፣ ሌላ መጠጥ ቤት ካለ ሰው ጋርም ያጋጥምሃል። አጠገብህ የተቀመጠውን ሰው ስሙን መጠየቅ አያስፈልግህም።

ያም ሰው ከጠፋ ራሱ ማሽኑ ይገጥምሃል፤ የሚችለውን ያህል ሳይሆን የምትችለውን ያህል እንዲጫወት ደረጃውን አንተ ትመርጥለታለህ። ተራው ሲደርስ አንዲት ፍላጻ አይወረውርም፤ በምን እጁ? ትንሽ ይጮኽና 140 አስቆጠርኩ ይላል። ዳኛው እሱ ነውና 140 አስቆጥሯል። በመጨረሻም አሸነፍኩህ ይልህና፣ ለመልሱ ጨዋታ ሳንቲም ጨምር ብሎ መብራቱን ያብለጨልጭብሃል።