ከሰፊው ቤት

እንጦጦ ራጉኤል የወጣሁት የግዕዝ ንባብ ልቀዳ ነበር። መምህሩ ዓይናቸው ስለደከመ መልእክቱን የጻፈልኝ ተማሪያቸው ነው፦ «የኔታ ከሰፊው ቤት ይጠብቁሃል።»

ከሽሮ ሜዳ በታክሲ ወጣሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ግቢው የተንጣለለ ቤት አየሁና አጥሩ ጥግ ቆምኩ። የሐምሌ ጉም ባሕር ዛፉን ዋጠው፤ ዝናቡም ተከተለ። መቅጃዬን ብብቴ ሥር ሸጉጬ አንድ ሰዓት ያህል ቆየሁ። ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ እናት አዩኝ።

«ማንን ነው ልጄ?»

ነገርኳቸው።

«የኔታማ ልብስ ሰፊው ቤት ተቀምጠዋል፤ አሁን አይቻቸው መጣሁ።»

«ፊ»ን አጥብቄ አንብቤው ኖሯል። ሲጠብቅ የቤቱ ስፋት ነው፤ ሲላላ መርፌ የያዘው ሰውዬ።

ቦርሳዬ ውስጥ በ1987 ዓ.ም. የታተመው የባየ ይማም «የአማርኛ ሰዋስው» ነበር። ጥብቀት የቃል ፍቺ እንደሚለይ ካወቅሁ ቆይቻለሁ፤ ብርዱ አጥንቴ ከገባ በኋላ ግን ነገሩ ሌላ ሆነብኝ። ፊደላችን ዛሬ አማርኛ በድምፅ የማይለያቸውን ሀንና ሐን፣ ሰንና ሠን ለይቶ ይጽፋል፤ አፋችን የሚለየውን ጥብቀት ግን አይጽፍም። «ገና» በዓሉ ይሁን ጊዜው ያልደረሰው ነገር፣ ከዐረፍተ ነገሩ ካልሆነ አይታወቅም። «ይጠብቃል» ራሱ እንዲህ ነው፤ «ብ» ሲጠብቅ ዘበኛ ይጠብቃል፣ ሲላላ ቋጠሮ ይጠብቃል። ቢያንስ በልጆች መጽሐፍ ጠባቂው ፊደል ራስ ላይ ነጥብ ቢደረግ ምን ይጎዳል? ልጅ ሲያነብ በግምት መንገዳገድ የለበትም።

የኔታን ስፌት መኪናው አጠገብ፣ ዱካ ላይ አገኘኋቸው። ጉልበታቸውን ስሜ ይቅርታ ጠየቅሁ። «ተቀመጥ ልጄ፣ ልብስህን አድርቅ» ብለው ተማሪያቸውን አስነሡት። እሳቸው ዘንድ ድምፅ የራሱ ስም አለው፦ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍ፣ ተጣይ። ልጁ «ቀደሰ» ሲል ድምፁ ብድግ አለ፤ ተነሽ ነው። «ቅዳሴ» ሲል ወደ ታች ወርዶ ዐረፈ፤ ወዳቂ ነው። ያው ሥር፣ ሁለት አካሄድ። አንዴ ሲስት የኔታ በመቋሚያቸው መሬቱን መታ አደረጉ፤ ልጁም ቃሉን መለሰው። ይህ ሁሉ የድምፅ ትምህርት ነው፤ ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ የመጣ። ዩኒቨርሲቲ ስለ አማርኛ ድምፅ የሚያስተምር ሁሉ አንድ ቀን እዚህ ዱካ ላይ ቢቀመጥ እወዳለሁ።

መቅጃውን ስከፍት የመኪናው ርግጫ ቃሉን ዋጠብኝ። ልብስ ሰፊው ቀና ብሎ አየኝና እግሩን ከመርገጫው ላይ አነሣ።