ከማን ጋር ነው የምስማማው?

ወረዳችንን ጋዝጊብላን አንዳንድ ዓመት ዝናብ ይረሳታል፤ ተመራማሪ ግን ረስቷት አያውቅም። የጥናቱ ርእስ ከእንግዳው ቀድሞ ይደርሳል፦ «በአርሶ አደሮች የማዳበሪያ አጠቃቀም ላይ ተጽዕኖ የሚያሳድሩ ምክንያቶች፤ የጋዝጊብላ ወረዳ ሁኔታ»። ማዳበሪያውን አውጥቶ ብድር፣ መስኖ ወይም ንብ ማነብ መተካት ይቻላል። «ጋዝጊብላ»ን ፍቀው ጎረቤቷን «ዳህና» ቢያደርጉትም ወረቀቱ ቅር አይለውም። የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት የሰቆጣ ቃል ኪዳን በ2007 ዓ.ም. ከታወጀ ወዲህማ ስለ መቀንጨር ለሚጽፍ ሁሉ መግቢያው በነጻ ተጽፎለታል።

እኔ ለጥቂት ክረምት መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ይህን ታላቅ ሥራ አገልግያለሁ። ስለዚህ፣ ጽሑፍ ለጆርናል እንዴት እንደሚሰናዳ ባወራ፣ የሰማሁትን ሳይሆን እጄ ያለበትን ነው።

መጀመሪያ ያማኔ ይጠራል። ታሮ ያማኔ እ.ኤ.አ. በ1967 በመጽሐፉ ያሰፈራት የናሙና ቀመር በአገራችን የመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ እንደ አቡነ ዘበሰማያት ሳትደገም አታልፍም። በተለመደው የስሕተት ልክ፣ አባወራው 5,000 ቢሆን «370 ጠይቅ» ትላለች፤ 20,000 ቢሆን 392፤ ሚሊዮን ቢሆንም ከ400 አታልፍም። ቀመሯ ጥፋት የለባትም። 392ኛው ቤት ከገደሉ ማዶ መሆኑን ግን እሷ አታውቅም፤ መረጃ ሰብሳቢው ያውቃል። ስለዚህ ከተማችን አስከተማ ገበያ የወጣው፣ ከቅዳሴ የተመለሰው፣ ጥላ ሥር ያረፈው ሁሉ «በዘፈቀደ የተመረጠ» ይሆናል። አማርኛችን ደግ ነው፤ «በዘፈቀደ» ሳይንስም ነው፣ እንዳገኙ ማድረግም ነው።

ቀጥሎ መጠይቁ ይወጣል። በእንግሊዝኛ ተወልዶ፣ በአማርኛ ክርስትና ተነሥቶ፣ ሰውየው ፊት ሲደርስ በእኔ አፍ ኽምጥኛ ይሆናል፤ መልሱም በዚያው ዳገት ተመልሶ ይወጣል። መንገድ ላይ የሚወድቀውን ማንም አይቆጥረውም። ሬንሲስ ላይከርት የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1932 አምስቱን የመልስ ደረጃዎች ሲያበጅ እኛ መንደር ይደርሳሉ ብሎ አላሰበም ይሆናል። እኔ ግን አድርሻቸዋለሁ። «አባቴ፣ ማዳበሪያ በወቅቱ ይቀርባል፤ በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ ገለልተኛ ነኝ፣ አልስማማም፣ በጣም አልስማማም፤ የትኛው ነዎት?» አልኋቸው አንድ አዛውንትን። ትክ ብለው አዩኝ። «ከማን ጋር ነው የምስማማው? ማንም አላጣላኝ» አሉ። «ገለልተኛ» ላይ አከበብሁ።

ዕድሜያቸውን ስጠይቅ «በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ ሁለት ልጆች ነበሩኝ» አሉኝ። ያ ዓመት ለእሳቸው ቀብርም ስደትም ነው፤ ለእኔ ግን ቀንሼ ደምሬ የማገኘው ቁጥር ነበር። ፍየሎቻቸውን አስቆጠርሁ። እንስሳውን ሁሉ በከብት ልክ በሚያሰላው አሐድ አንዲት ፍየል ወደ 0.1 ገደማ ናት። ለልጅ ትምህርት የምትሸጠው፣ ለበዓል የምትታረደው፣ ክፉ ቀን የምታሻግረው እንስሳ ከነጥብ በስተቀኝ ገብታ ተኛች።

ቁጥሩ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ታላቁ ግኝት ይበሠራል፦ ሰፊ መሬት ያለው፣ የተማረና ብድር የሚያገኝ ገበሬ ማዳበሪያ ይበልጥ ይጠቀማል። አዛውንቱ ይህን በአንድ ስኒ ቡና ይነግሩን ነበር፤ ግን የሳቸው ቃል ከጎኑ እንደ ስታቲስቲክሱ ውጤት ኮከብ አይደረግበትም። ከዚያ የደራሲዎች ስም ይደረደራል። መጠይቁን ይዞ የዞረው በመጨረሻው «ምስጋና» ውስጥ፣ ያውም ስሙ ሳይጠራ፣ «መረጃ ሰብሳቢዎች» ተብሎ ያልፋል። ወረቀቱን ያላነበበው ሁለተኛ ደራሲ ይሆናል።

አሁን መላክ ነው። ጥሩው ጆርናል ወራት ያስጠብቃል፤ ገምጋሚዎቹም «ይህን ከየት አመጣኸው?» የሚል ነውረኛ ጥያቄ ያነሣሉ። የደረጃ ዕድገት ደግሞ አይጠብቅም። ደግነቱ በሳምንት «እንኳን ደስ አለህ» የሚል፣ ከገንዘቡ በቀር ምንም የማይጠይቅ ጆርናል ሞልቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 ጆን ቦሃነን የተባለ ጋዜጠኛ ሆን ብሎ በስሕተት የሞላውን የፈጠራ ጥናት ለ304 ጆርናሎች ልኮ 157ቱ ተቀብለውታል። የፈጠራው ደራሲ አድራሻ የት ነበር ቢሉ፣ አስመራ ያለ «ዋሴ የሕክምና ተቋም»። ሰውየውም ተቋሙም የሉም። እኛ ከዚያ የተሻልን ነን፤ ቢያንስ ጋዝጊብላ አለች።

ዝናብ ለሚያጥረው መሬት የሚሆን ዘር ማሳ ላይ ዘርቶ፣ ከርሞ፣ ያልበቀለውን «አልበቀለም» ብሎ መጻፍም ምርምር ነው፤ ለእሱ ሰቆጣ ላይ የደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከል ተቋቁሟል። ያ ሥራ ግን ጫማ ያቆሽሻል፣ ክረምትም ያስቆጥራል። የእኛው ወረቀት ንጹሕ ነው። ከአስከተማ ተነሥቶ፣ በዶላር ተከፍሎለት፣ ባሕር ተሻግሮ ይቀመጣል። ስለ ገበሬው ይናገራል፣ ለገበሬው አይናገርም። ማሳረጊያውም የታወቀ ነው፦ «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል»። ያስፈልጋል እንጂ! የሚቀጥለው ዕድገት በምን ይመጣል?

በዓመቱ ሌላ መጠይቅ ይዤ እኒያው አዛውንት ደጅ ደረስሁ። ሞፈር እየጠረቡ ነበር። ቀና ሳይሉ፣ «ልጄ፣ ሁሉንም ‹በጣም እስማማለሁ› ላይ አክብብልኝና ሥራዬን ልሥራ» አሉኝ። አመስግኜ ስነሣ ከኋላዬ ጠሩኝ።

«ከማን ጋር እንደሆነ ግን ዛሬም አልነገርኸኝም።»