ኤክስፖርት ስታንዳርድ

የቡና መጋዘን ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ሴቶች ተደርድረው ይለቅማሉ። ያማረው ፍሬ በጆንያ ታሽጎ ባሕር ይሻገራል፤ የተሰበረው፣ የጠቆረው፣ ነቀዝ የቀመሰው ለእኛ ጀበና ይተርፋል። ጎበዝ ጎበዙን መርጠው የሚያስገቡት የመንግሥት አዳሪ ትምህርት ቤቶች ጥበብም ይኸው ነው። ስምንተኛን የጨረሰ ልጅ ይፈተናል፤ የተለቀመው አልጋ፣ ቤተ ሙከራና ደህና መምህር ያገኛል፤ የቀረው ለአገር ውስጥ ፍጆታ ይውላል።

ውጤቱማ አፍ ያስይዛል። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አዳሪዎቹ ግን ተንበሸበሹ። ጉድ እኮ ነው! ጎበዝ ብቻ ያስገባ ትምህርት ቤት ጎበዝ አስወጣ። ወንፊትም ስንዴውን ያበቀልኩት እኔ ነኝ ብሎ ቢፎክር ማን ይከለክለዋል?

እኔን ያሳዘነኝ አንድ ለአምስት ነው። መቼም አትረሱትም፤ አንዱ ጎበዝ አምስቱን ያስጠና ተብሎ በየክፍሉ ስንደራጅ ኖረናል። አሁን አንዱ ተወሰደ፤ አምስቱ ደብተራቸውን ታቅፈው ተፋጠው ቀሩ። ስሙ ዜሮ ለአምስት ተብሎ ይታደስልን።

የማውቀው አንድ የገጠር ሒሳብ መምህር አለ። ሰሌዳው ላይ ጥያቄ ጽፎ ዞር ሲል ዓይኑ ዛሬም ወደ መስኮቱ ጥግ፣ ወደ ሁለተኛው ዴስክ ይሄዳል፤ ሁልጊዜ እጇን የምታወጣው ልጅ እዚያ ነበር የምትቀመጠው። ትንሽ ይጠብቅና ጠመኔውን አራግፎ ራሱ ይመልሰዋል።

ልጅቷማ እሰየው! በኩራዝ ስታጠና የኖረች ልጅ ዛሬ ቤተ መጻሕፍት ታመሻለች። ይህን የሚጠላ የለም፤ የእኔም ልጅ ቢያልፍ በግ አርዳለሁ። አስጠኚ ቀጥሬለታለሁ እኮ። ፈተናው ለሁሉም እኩል ነው ስላሉኝ፣ አስጠኚ መቅጠር ካልቻለው ከጎረቤቴ ልጅ ጋር እኩል እንዲሆን ብዬ ነው።

ላልተለቀሙት ደግሞ ሰርተፍኬታቸው ላይ «ለአገር ውስጥ ፍጆታ» የሚል ማኅተም ቢመታላቸው ምን ነበረበት? ቡናው እንኳ ደረጃው ታውቆለት ነው የሚሸጠው።

መምህሩን ትናንት መንገድ ላይ አገኘሁት፤ ብብቱ ሥር መጽሐፍ ሸጉጧል። አዳሪ ትምህርት ቤቱ ጎበዝ መምህር በፈተና እየመረጠ ነው አሉ። እሱም ሊፈተን ነው።