ሚዛን ለማን ይሳሳታል?

ቡና ባለበት ሚዛን አለ፤ ሚዛን ባለበት ስህተት አለ። በለቀማ ወቅት ከጅማ ወደ አጋሮ፣ ወደ ሊሙ ገነት ወይም ወደ ጌራ ብትወጡ በየመንገዱ ዳር እሸት ቡና የሚገዛ ሰብሳቢ ከነሚዛኑ ታገኛላችሁ። ሚዛን ዘመድ የለውም፤ ስለዚህ አንዳንዴ ለሻጭ፣ አንዳንዴ ለገዢ መሳሳት ነበረበት። ግን "ዛሬስ ሚዛኑ ለገበሬው አደላ" ሲባል የሰማ ካለ እጁን ያውጣ። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ናት። ከገበሬው ቤት 17 ሆና ትነሳና ሚዛኑ ላይ ስትወጣ 16 ትሆናለች። መንገዱ አድክሟት ይሆናል።

ሰብሳቢው ይህን ያውቃል፤ ዝም ይላል። ገበሬውም ያውቃል፤ እሱም ዝም ይላል፤ ከላይ ቀይ ቀዩ የተደረደረበት ጆንያ ከሥሩ አረንጓዴ ይዟላ! ሰብሳቢው እጁን እስከ ክርኑ ከትቶ ከሥር አንድ እፍኝ ያወጣል፤ መዳፉ ላይ በትኖ ያየዋል። ገበሬው ደግሞ የሚዛኑን መርፌ ያያል። ከዚያ ሁለቱም ቀና ብለው ይተያዩና በዋጋ ይስማማሉ። የገበያ ሰላም የሚባለው ይኸው ነው።

ሰሞኑን ጅማ ፈረንጅ አራዳ፣ ጀበና ቡና በምንጠጣበት በረንዳ ላይ ይኸው የዝምታ ነገር ተነሳ። ያነሳው ለእረፍት ከላስ ቬጋስ የመጣ የሰፈራችን ልጅ ነው። ላስ ቬጋስ ብዙ ሐበሻ ያለባት ከተማ ናት፤ ታክሲ የሚነዳም፣ ካዚኖ ቤት የሚሠራም ሞልቷል። የእኛው ልጅ ካርታ አዳይ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ካርታ ያድላል፣ ነጥብ ይደምራል፣ ላሸነፈው ይከፍላል፣ ከተበላው ይሰበስባል።

"አንድ ሌሊት ደክሞኝ፣" አለ፣ "እኔ 20፣ ተጫዋቹ 19 ይዘን ሳለ የራሴን 18 ብዬ ደመርኩና ከፈልኩት። ሰውየው ስህተቱን አይቷል። ትንፍሽ ሳይል ሰብስቦ ሄደ። እኔ ያወቅኩት በማግስቱ በካሜራ ሲያሳዩኝ ነው። እስቲ ፍረዱ፤ ዝም ማለቱ ነውር ነው፣ አይደለም?"

ጅማ ውስጥ ፍረድ የተባለ ሰው ሌላ ቡና ሳያዝ አይፈርድም። ባጃጅ ነጂው ቀደመ። "ካዚኖው ሲበላው አንተ 'ወንድሜ፣ ተበላህኮ፣ ተው' ትለዋለህ? አትለውም። ታዲያ እሱ ምን ዕዳ አለበት?"

አጠገቡ የተቀመጡት፣ ዕድሜያቸውን በቡና ንግድ የጨረሱ ሽማግሌ መፋቂያቸውን ከአፋቸው አወጡ። "ቁማር ከነአካቴው ሐራም ነው። ሐራም ላይ ተቀምጦ የሰው ሀቅ ይፈለጋል እንዴ?" አሉና መፋቂያውን መለሱ። ጥቂት ከፋቁ በኋላ ግን "ቢሆንም ይመልስ" ብለው ጨመሩ።

የሕግ ተማሪው ተራውን ሲጠብቅ ቆይቶ ነበር። "በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ ያላግባብ መበልጸግ በሚለው ክፍል፣ ቁጥር 2164 ላይ፣ መክፈል የማይገባውን የከፈለ ሰው የከፈለውን ማስመለስ ይችላል ይላል" ብሎ ገና ሊያብራራ ሲል ባጃጅ ነጂው "እና ሕጉ ቬጋስ ድረስ ይነዳል?" ብሎ አቋረጠው።

የሁላችንንም አፍ ያስያዙት ቡና የሚቀዱልን አዴ ናቸው። ጀበናውን ማቶቱ ላይ አሳርፈው "ልጄ፣ የጎደለው ከማን ላይ ይቆረጣል?" ብለው ጠየቁ።

"ከደሞዜ አይቆረጥም አዴ። ግን ስህተቱ በእኔ ስም ይያዛል። ከተደጋገመ እባረራለሁ።"

"እንግዲያው ሰውየው የበላው ካዚኖውን አይደለም፤ አንተን ነው" አሉና ቶናውን መቅዳት ጀመሩ።

እውነታቸውን ነው። የእኛ ሐቀኝነት የሰው ፊት ሲያይ ይበረታል። ባለሱቋ 50 ብር አብልጣ ብትመልስልን ከመንገድ ተመልሰን "እህቴ፣ አበዛሽኮ" እንላለን፤ ማታ ሒሳብ ስትዘጋ ምን እንደሚሰማት እናውቃለንና። ባንክ መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ብትሳሳት "ጉድለቱን ከኪሷ ትተካለች" ብለን እንራራለን። ስህተቱ የማሽን ሲሆን ግን ርኅራኄያችን የሚያርፍበት ያጣል። ማሽን ማታ ቤቱ ገብቶ አያለቅስማ!

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ቬጋስ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ቀለጠ። የሳይበር ጥቃት አልነበረም፤ ከጥገናና ከፍተሻ ሥራ ጋር የተያያዘ ብልሽት ነው ተባለ። ውጤቱ ግን ሰው ሒሳቡ ውስጥ የሌለውን ገንዘብ ከኤቲኤም ማውጣት፣ በስልኩም ወደ ሌላ ማዛወር መቻሉ ነበር። ያን ሌሊት አገሪቱ ካዚኖ ሆነች፤ ካርታ አዳዩም ለሁሉም ይከፍል ጀመር።

ወሬው ከማንም በፊት የደረሰው ዩኒቨርሲቲዎች ጋ ነው፤ ጅማም አልቀረላትም። የጅማ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አንድ ተማሪ ጓደኞቹ ሲነግሩት መጀመሪያ እንዳላመነ ለቢቢሲ ተናግሯል። እኔም አልፈርድበትም፤ ኤቲኤም የራሳችንን ገንዘብ እንኳ "ለጊዜው አገልግሎት አልሰጥም" እያለ በሚከለክልበት አገር የሰው ገንዘብ ይሰጣል ብሎ ማን ያምናል? ጠዋት ለ2 ሰዓት ክፍል ተጎትቶ የሚነሳ ተማሪ በእኩለ ሌሊት ነጠላ ጫማውን አጥልቆ ወረፋ ያዘ። ፖሊስ ግቢ ደርሶ እስኪያስቆማቸው የቀጠሉም ነበሩ።

ባንኩ ነገሩን ለማስቆም ሰዓታት ፈጁበት። በዚያ ሌሊት ከ490 ሺህ በላይ የገንዘብ እንቅስቃሴ ተደርጓል፤ ከሒሳባቸው በላይ የወሰዱት ደግሞ 801 ሚሊዮን ብር ያህል መውሰዳቸውን የባንኩ ፕሬዚዳንት አቤ ሳኖ ተናገሩ። የመለሰ በወንጀል አይጠየቅም ተባለ፤ ዩኒቨርሲቲዎችም "ልጆች፣ መልሱ" የሚል ማስታወቂያ አወጡ። በሺዎች የሚቆጠሩት መለሱ።

በዚያ ሰሞን ያልተሰማ ጥብቅና የለም። "እኔ ምን አደረግኩ? ማሽኑ ራሱ ሰጠኝ።" "የመንግሥት ባንክ ነው፤ የመንግሥት ደግሞ የሁላችንም ነው።" "ለእያንዳንዱ ዝውውር ሲቆርጠኝ ኖሮ አሁን ካሰኝ።" ባጃጅ ነጂያችን ስለ ካዚኖ የተናገረውን ልብ በሉልኝ፤ ክርክሩ አንድ ነው። ትልቁ ቤት ሁልጊዜ ስለሚበላን እኛ አንድ ቀን ብንበላው ምናለበት ነው ነገሩ። ካዚኖው በጨዋታው ሕግ እንደሚበላን ግን ሳንገባ እናውቃለን፤ ባንኩም የሚቆርጠውን አስታውቆ ነው የሚቆርጠው፤ ቢመረንም። ስህተት ላይ ግን ማንም አልተዋዋለም።

የቁማር ዓለም ራሱ ይህን ነገር ፍርድ ቤት አድርሶታል። ፊል አይቪ የሚባል ስመ ጥር አሜሪካዊ ቁማርተኛ በ2012 እ.ኤ.አ. ለንደን በሚገኘው ክሮክፎርድስ ካዚኖ ተጫውቶ 7.7 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ አሸነፈ። ምስጢሩ ካርታዎቹ ላይ ነበር። በጀርባቸው ያለው ንድፍ ዳርና ዳሩ በትክክል እኩል አልነበረም፤ አይቪና ጓደኛው ይህን ስላወቁ "ለዕድላችን ነው" እያሉ አዳይዋ ጥሩ ጥሩዎቹን ካርታዎች አዙራ እንድታስቀምጥ ጠየቁ። እሷ ለምን እንደሆነ ሳይገባት አዞረች። ካዚኖው አልከፍልም አለ፤ አይቪ ከሰሰ፤ በ2017 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረደበት። ዳኞቹ ሰውየው በልቡ "አላጭበረበርኩም" ብሎ ማመኑን አልካዱም። ነገር ግን ሐቀኝነት የሚለካው ባለጉዳዩ ስለ ራሱ በሚያስበው ሳይሆን ተራው ጨዋ ሰው በሚፈርደው ነው አሉ። የእኛ አዴ በጀበና የደረሱበት ፍርድ ለንደን በአምስት ዓመት ክርክር ደረሰችበት።

አይቪ ግን ዝም ብቻ አላለም፤ ስህተቱን እየኮተኮተ አሳደገው። የመጋቢቱም ሌሊት እንዲሁ ነው። ካርዱን አስገብቶ ሒሳቡ ውስጥ የሌለ ብር የወጣለት ሰው የመጀመሪያውን ብር የሰጠው ማሽኑ ነው፤ ደንግጦ ቢቆም አልፈርድበትም። ካርዱን ለሁለተኛ ጊዜ ሲያስገባ ግን ጣቱ የራሱ ነው። ጓደኛውን ከእንቅልፉ ቀስቅሶ "ቶሎ ና፣ ሳይዘጉት" ሲለው ደግሞ ነገሩ ዝምታ መሆኑም ቀርቷል። አበው "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" ያሉት ለሹመኛ ነበር፤ ለአንድ ሌሊት ሁላችንም ተሾምን።

የሽረቱን ቀን ደግሞ ባንኩ አልረሳውም። አልመለሱም ያላቸውን ከ500 በላይ ሰዎች ስም ይፋ አደረገ፤ የበርካቶቹንም ስምና ፎቶ አትሞ ቅርንጫፎቹ ላይ ለጠፈ። ፊት የሌለውን ማሽን ነበር የበላነው፤ ባለ ፊት ሆነን ግድግዳ ላይ የወጣነው ግን እኛው ነን። ማሽኑ የማንንም ፊት አያስታውስም ያለን ማን ነበር? ከላዩ ካሜራ እንዳለው የቬጋሱ ልጅ ቀድሞ በነገረን!

ፍርዴ እንግዲህ ይኸው። የሌላውን ስህተት አይተን ዝም ስንል፣ ትርፉም ኪሳችን ሲገባ፣ ስህተቱ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የእኛ ነው፤ ባለ ገንዘቡ ባንክም ይሁን ካዚኖ፣ ባለሱቅም ይሁን ገበሬ። ከጀርባው የሚጠየቅ ሰው አይጠፋም፤ አንዲት ገንዘብ ያዥ፣ አንድ ካርታ አዳይ፣ አንድ የሌሊት ተረኛ አለ። ስለዚህ የተሳሳተ ብር ሲደርሳችሁ ጠዋት ባንክ ሂዱና መልሱ። ለመውሰድ አንድ ደቂቃ የበቃው ነገር ለመመለስ ወረፋ፣ መታወቂያ፣ ቅጽና ፊርማ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ታገሱ፤ ቢያንስ ፎቶ አትጠየቁም።