ቀኙ ግራ የሆነበት ሌሊት

መርጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው ጥቂት ካዳመጡ በኋላ ሄድፎኑን አወለቁ። «ልጄ፣ እኔ የቆምኩት በቀኝ ነበር። እዚህ ግን ድምፄን የምሰማው ከግራ ነው» አሉኝ። ሄድፎኑን አዙሬ ሰጥቻቸው ይሆን ብዬ አየሁት፤ ትክክል ነው። መልሰው ጆሯቸው ላይ አደረጉትና ወደ ላይ ቀና አሉ። «ከበሮውንስ ማን ጣራ ላይ ሰቀለው?»

መርጌታ ማኅሌት የቆሙበትን ያን የጽጌ ሌሊት ለመቅረጽ ሁለት ዓመት ደጅ ጠንቻለሁ። ሙያዬ ድምፅ መቅረጽ ነው። ልጅ ሳለሁ አባቴ ከጎንደር ያመጣው የማኅሌተ ጽጌ ካሴት ነበረን። ባለ አንድ ድምፅ ማጉያ በሆነችው ቴፓችን ሲከፈት ካህናቱ፣ ከበሮውና ጸናጽሉ ከአንዲት ቀዳዳ ተጋፍተው ይወጣሉ። ቅኔ ማኅሌት ውስጥ ስቆም ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሁለቱ ረድፎች ፊት ለፊት ቆመው ቀኙ ሲመራ ግራው ሲቀበል ዜማው በላዬ ይመላለሳል። ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ የሚባሉ ሹመቶች ያሉት በከንቱ አይደለም፤ አቋቋሙም የዜማው አካል ነው። ካሴቱ የሚበላው ይህንን ነው።

በዚህ የተንገበገብኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። እንግሊዛዊው መሐንዲስ አላን ብሉምላይን ሲኒማ ቤት ተቀምጦ ሳለ ተዋናዩ በአንድ በኩል፣ ድምፁ በሌላ በኩል ሆነበትና መላ ልፈልግለት ብሎ ተነሣ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1931 ዛሬ ስቲሪዮ ለምንለው ነገር የፈጠራ መብት ጠየቀ። ስቲሪዮ ግን የሚዘረጋው ፊት ለፊታችን ነው፤ ኋላና ላይ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ደግሞ የኦክስፎርዱ የሒሳብ ሰው ማይክል ገርዞን ከፒተር ክሬቨን ጋር ሆኖ ዙሪያውን ሁሉ የሚሰማ ማይክሮፎን አፈለቀ። የእኔም ማይክሮፎን የዚያ ዘር ነው።

ወንፊቱን ገልጦ ላየው፣ ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም የማይበልጡ አራት ካፕሱሎች ጀርባ ለጀርባ ተጠጋግተው ወደየአቅጣጫቸው ያያሉ። ሁለቱ ሽቅብ፣ ሁለቱ ቁልቁል ያዘነበሉ ናቸው። አራቱ ሲደመሩ ከየትም የመጣውን ድምፅ ይሰጣሉ። ከፊተኞቹ የኋላዎቹ ሲቀነሱ ፊትና ኋላ፣ ከግራዎቹ የቀኞቹ ሲቀነሱ ግራና ቀኝ፣ ከላይኞቹ የታችኞቹ ሲቀነሱ ላይና ታች ይወጣል። ሥራው ሁሉ መደመርና መቀነስ ስለሆነ አራቱም በእኩል መጠን መቀረጽ አለባቸው።

ጸናጽል ያስቸግረዋል። በሰከንድ 10 ሺህ ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ የሞገዱ ርዝመት 3.4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ካፕሱሎቹ ደግሞ የቱንም ያህል ቢጠጋጉ አንድ ነጥብ ላይ ሊቀመጡ አይችሉም። ድምፁ እየቀጠነ በሄደ ቁጥር ክፍተታቸው ከሞገዱ ጋር ይቀራረብና አቅጣጫው ይደበዝዛል። ይህን አውቄው ነው የሄድኩት። ያላሰብኩት ሌላውን ነበር።

የደብሩ አስተዳዳሪ መሬት ላይ ምንም እንዳላቆም አስጠነቀቁኝ፤ እውነት አላቸው፣ ሽብሸባው ሲሞቅ መቆሚያ አይበረክትም። ስለዚህ ማይክሮፎኑን ከጣራው እንጨት ቁልቁል ሰቀልኩት። እንዲህ ሲዘቀዘቅ ላዩ ታች፣ ቀኙ ግራ ይሆናል። ቅጂውን የማሰናዳበት ሶፍትዌር ለዚህ የተዘጋጀ ምርጫ አለው፤ እሱን ሳልነካ ቀረሁ። መርጌታ በጆሯቸው ብቻ የደረሱበት ይህንን ነው። ይህ ግን ይታረማል። የግራ ቀኙንና የላይ ታቹን ቻናል መገልበጥ ይበቃል። ገለበጥኩት፤ መርጌታ ወደ ቀኛቸው ተመለሱ፣ ከበሮውም ወረደ። «አሁን ገባሁ» አሉ፤ ከመቀመጫቸው ሆነው በመቋሚያቸው ይዘሙ ጀመር።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የተቀረጸው ጋ ስንደርስ መቋሚያቸው ቆመ። ዜማው ወደ አንድ ጥግ አዘነበለ፤ ቆይቶ ተመለሰ፤ ደግሞ ወደ ላይ ተንሳፈፈ። ደጋግሜ ሳዳምጥ ምክንያቱን አገኘሁት። መቅረጫውን ያኖርኩት ካህናቱ ጋቢያቸውን በሚያስቀምጡበት አግዳሚ ጫፍ ነበር። ጋቢ በተነሣና በተቀመጠ ቁጥር ከአራቱ የድምፅ መጠን ማስተካከያዎች አንዱ ሲዞር አድሯል። አንድ ጊዜ ብቻ ዞሮ ቢሆን ልኩን ፈልጌ እመልሰው ነበር። ይህ ግን እስኪነጋ ሲወጣ ሲወርድ ያደረ ነው። ለወራት ታገልኩት፤ አልሆነም። በፕላስተር ባስረው ኖሮ አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

ግራውን ይመሩ የነበሩት አዛውንት በዚያው ዓመት የካቲት ውስጥ ዐረፉ። ወረቡን ሲመሩ የቀረጽኩት ከ8 ሰዓት በኋላ ነው። ድምፃቸው አለኝ፤ የቆሙበት ቦታ ግን የለኝም።

በቀጣዩ የጽጌ ወቅት ተመልሼ ሄድኩ። ማስተካከያዎቹን በፕላስተር አሰርኩ፤ መቅረጫውንም አቅፌው ተቀመጥኩ። ካህናቱ ከመግባታቸው በፊት መርጌታ ብቻቸውን መጡና «እንዳለፈው እንዳይሆን» አሉ። በመቅደሱ ፊት ቆመው አንድ ጊዜ አጨበጨቡ፤ «ፊት»። ወደ ቀኝ ሄደው አጨበጨቡ፤ «ቀኝ»። ወደ ግራው ረድፍ ተሻገሩ፤ አዛውንቱ ይቆሙባት ከነበረችው ስፍራ ሲደርሱ እርምጃቸው ሲገታ ይሰማል። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና አጨበጨቡ። «ግራ» አሉ፣ ቀስ ብለው። ከቅጂው ላይ አልቆረጥኩትም።