የቡድን ሥራ ሥልጠና በቡሬ

በ2013 ዓ.ም. የፌቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካ የተመረቀባት ቡሬ፣ ከበርበሬና ከበቆሎ ገበያነቷ በተጨማሪ መታወቂያ በአንገት የሚንጠለጠልባት ከተማ ሆናለች። የትልልቅ ኩባንያዎች ሁሉ ወግ እንደሚያዘው፣ በወንፈል፣ ማለትም ጎረቤታሞች አንዱ የሌላውን ማሳ በየተራ በሚያርሙበትና በሚያጭዱበት ሥርዓት ያደገ የምዕራብ ጎጃም ገበሬ ልጅ፣ በተቀጠረ ማግስት ከአዲስ አበባ በአበል በመጣ አሠልጣኝ «የቡድን ሥራ» የተባለውን አዲስ ግኝት ይማራል። ሠልጣኙ መጥረጊያ ሲፈልግ የመጠየቂያ ቅጽ ይሞላል፤ ቅጹም በቅርብ ኃላፊው፣ በንብረት ክፍሉና በፋይናንስ ተፈርሞ እስኪመለስ ወለሉን ሌላ ሰው ስለሚጠርገው፣ ጉዳዩ (አለቆችን ደስ በሚያሰኝ ቋንቋ) የቡድን ሥራ ውጤት ተብሎ በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ይሰፍራል። ከወንፈል የቀረ ሰው ግን ቅጽ አይሞላም፤ በተራው ማሳውን የሚያርምለት ያጣል።